እስከ እሑድ የሚያረጅ ጃኬት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

በሕልሜ ግቢያችን ውስጥ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብዬ አዲስ የጂንስ ጃኬት አጥባለሁ። እስከዚህ ድረስ እንኳ ሕልም አይደለም፤ በውኔም ሦስት ቀን ሙሉ ስሠራው የሰነበትኩት ይህንኑ ነው። አባቴ ከሞተ ወር አልፎታል፤ እሑድ አርባው ይወጣል። የሟችን ልብስ በአርባው ለነፍስ አባቱ መስጠት ደግሞ የቤታችን ወግ ነው። አባቴ ሾፌር ነበር። በደጉ ጊዜ ከአሰብ የገዛትን የጂንስ ጃኬት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከላዩ አላወለቃትም፤ እናቴም እሷኑ ለመምሬ ጥሩነህ ልትሰጥ ቃል ገብታለች።

እኔ ግን ባለፈው ሳምንት እናቴን ሳላስፈቅድ ጃኬቱን ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። እያወላለቀ የማይወርድ ሰው የለም። እኔም መንገድ ላይ አወለቅኩና ከሚኒባሱ ወንበር ጀርባ አንጠለጠልኩት። ስወርድ ረሳሁት። ሚኒባሱን ሁለት ቀን ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም።

እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ስታጣው፣ «ለአርባው ንጹሕ ትሁን ብዬ ላጥባት ወስጃታለሁ» አልኳት። መረቀችኝ። እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ረዥም ምርቃት መረቀችኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ።

ሮጬ ተመሳሳዩን ገዛሁ። ተመሳሳይ የምለው በልኩና በኪሱ ነው እንጂ በመልኩስ አይገናኙም። አዲሱ ከሰማያዊነቱ ይልቅ ጥቁረቱ ያይላል፤ ከመድረቁ የተነሣ መሬት ላይ ብታስቀምጠው ብቻውን ይቆማል። የአባቴ ነጥቶ፣ ለስልሶ፣ ኮሌታው ተበልቶ ነበር። ግራ እጅጌው ደግሞ ከሌላው ይብስ የነጣ ነው፤ ሾፌር ስለነበር ግራ ክንዱን በመስኮት እያወጣ ስለሚነዳ ፀሐይ በልታዋለች። እንግዲህ እኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀውን ነገር እስከ እሑድ ማድረስ ነበረብኝ። በረኪና፣ ጨው፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እናቴ ተረከዟን የምትፈገፍግበት ድንጋይ፣ ያልሞከርኩት የለም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

በሕልሜ ታዲያ ጃኬቱን በፈገፈግሁት ቁጥር ይጠቁራል። ውሃው ጥርት ብሏል። እየነጣሁ የሄድኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጥፍሮቼ፣ ከዚያ ጣቶቼ፣ ከዚያ እስከ ክርኔ ድረስ ነጣሁ።

እናቴ ከቤት ውስጥ ስለ ወጥ የምትጠይቅ ይመስል ጮኸች።

«አራጋው! አረጀ?»

«ትንሽ ቀረው እማዬ!»

«ፀሐይ ጨምርበት እንጂ! ሰው ሊመጣ ነው!»

ቀና ብዬ ፀሐይን ፈለግሁ። የልብስ ገመዳችን ላይ በሁለት መቆንጠጫ ተሰጥታለች። ከሥሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ገና እርጥብ ስለሆነች አታሞቅም ነበር። ብጠብቃት እሑድ ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ። ጃኬቱን ጨምቄ፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ከተማ ሮጥኩ።

ፒያሳ ስደርስ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንድ ሱፉ በሙሉ ድሪቶ የሆነ የተከበረ ሰው መንገድ ዘግቶብኝ ቆመ።

«አታፍርም ወንድሜ? አዲስ ነገር በአደባባይ ይዘህ ትሄዳለህ?»

«ላስረጀው እየሄድኩ ነው ጌታዬ።»

«ቢያንስ ሸፈን አድርገው። ቤተሰብ ያለው ሰው አለ እዚህ።»

ጃኬቱን ከሸሚዜ ሥር ከተትኩት። ሱቆቹ በራቸው ላይ «አሮጌ ዕቃ ገብቷል» ብለው ጽፈዋል፤ ሰዉ የተቀዳደደ ለመግዛት ይጋፋል። አንድ ባለሱቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አንድ ጥንድ ጫማ በእጁ ይዞ፣ «አንድ ቀን እንኳ አልተረገጠም፣ ማን ይወስድልኛል?» ይላል። አሳዘነኝ። ግን የራሴ ጭንቀት ይበልጥብኝ ስለነበር አላጽናናሁትም።

የእርጅና ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ደረስኩ። ደጁ ላይ ረዥም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ሁሉም ማህተማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። መስኮቱ ውስጥ አንዲት ባልቴት ቆሎዋን እየቆረጠመች ተቀምጣለች፤ ባለጉዳይ እሷ ብቻ ናት።

«ነገ ተመለሱ!» ትላቸዋለች። «ዛሬ ጉዳይ የለኝም። ደግሞ ሻይ ልጠጣ ነው።»

አንዱ ሠራተኛ ሲያየኝ ከሰልፉ ወጥቶ እጄን ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጌታዬ፣ ባለጉዳይ ነዎት?»

«መሰለኝ።»

«እባክዎን እኔ ልጨርስልዎ! ከሰኞ ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ አንድ ወረቀት ላይ ማህተም አላሳረፍኩም። የልጆች አባት ነኝ።»

ሰልፉ ተናወጠ። «በዘመድ ነው! በዘመድ ነው ባለጉዳይ ያገኘው!» እያሉ ጮኹበት። እሱ ግን ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ፤ ጉልበቱ ላይ መዝገብ ዘረጋ።

«ሟች ስንት ዓመት ለበሱት?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«ይኸኛውስ?»

«ሦስት ቀን።»

ብዕሩን አቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለና አየኝ።

«ከሠላሳ ዓመት ሦስት ቀን ሲነሣ የቀረውን የት አደረስከው?»

በሕልምም ቢሆን እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። «እየፈለግሁት ነው» አልኩ። ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀና ማህተሙን ግንባሬ ላይ ጠቅ አደረገው። ምን እንደሚል ላነበው አልቻልኩም፤ የሚያየኝ ሁሉ ግን አንብቦ ይደነግጣል። «ወደ መርማሪው ግባ» አለኝ።

መርማሪው አህያ ነበር። ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጓል። ከፊቱ ስድስት ሰዎች የእህል ጆንያ ተሸክመው ቆመዋል፤ በየተራ ሸሚዛቸውን ገልጦ ጀርባቸውን ያያል። «አንተ ገና ነህ፤ አንተ ደርሰሃል፤ አንተ ሁለት ገበያ ይቀርሃል» ይላል። የእኔ ተራ ሲደርስ ጃኬቱን በከንፈሩ አንሥቶ አገላበጠው።

«ምን ተሸክሟል?»

«ማን ጌታዬ?»

«ጃኬቱ ነዋ!»

«ምንም አልተሸከመም።»

«ታዲያ በምን ያረጃል?» አለ አህያው። መነጽሩን አወለቀ። «እኔን እየኝ እስቲ። እኔ በረኪና ተነክሬ ነው እንዲህ የሆንኩት? በድንጋይ ፈግፍገውኝ ነው?»

«ለእሑድ እንዲደርስልኝ ብዬ ነው።»

«ነውር ነው! የሌላን ሰው ድካም በሳፋ ውስጥ ልታገኘው ፈለግክ? ድካም መንገድ ላይ ነው ያለው። ሂድና ተጫን!»

ተሸካሚዎቹ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በአህያ መዘለፍ ማንን አያናድድም? መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ራሴን መናኸሪያ ቆሜ አገኘሁት።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ ተሳፋሪ ለመለመን መሬት ላይ ተንበርክከዋል። የኮምቦልቻው ረዳት ሒሳብ በእጄ አስጨብጦ፣ «እባክህ ግባልኝ፣ መስኮት አጠገብ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ገባሁ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ልብሶች ናቸው። ካፖርት፣ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ሁሉም ዘና ብለው ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ከየወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥለዋል። ገና ሳልደነግጥ ጃኬቴ ከሸሚዜ ሥር ወጣ፤ በእጅጌው ይዞ አወለቀኝና ከወንበሩ ጀርባ ሰቀለኝ። ከዚያ ቁልፎቹን አስተካክሎ ተቀመጠ።

አጠገቡ ያለው የቆዳ ጃኬት ወደ እኔ ገልመጥ አለ።

«የራስህ ሰው ነው?»

«አይ፣ በጠፋ ሰው ምትክ የያዝኩት ነው» አለ ጃኬቴ።

«አዲስ ይመስላል።»

«ሦስት ቀን ፈገፈግኩት። ላዩ ነጣ እንጂ ውስጡ አልለዝብ አለኝ።»

«እንዲህ ያለው አያዋጣህም። ዞር ሲልብህ ቀለሙን ይለቅብሃል።»

ሚኒባሱ ወደ ኋላ እየተነዳ ቁልቁል ወረደ። በወረድን ቁጥር ብርዱ ይበረታል። ልብሶቹ አንድ በአንድ ሰው አንሥተው ይደርቡ ጀመር፤ እኔን ግን ማንም አላነሣኝም። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቴ «ወራጅ አለ!» አለና ዘሎ ወረደ። ተረሳሁ። «እኔስ? እኔን ረስተኸኛል!» ብዬ ልጮህ ሞከርኩ፣ ድምፅ የለኝም። በመስኮቱ ሳየው ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገ፤ የሆነ ነገር እንደጎደለው ገብቶታል፣ ምን እንደሆነ ግን አላስታወሰም። ያን ጊዜ ያ የአባቴ ጃኬት ምን እንደተሰማው ያወቅሁ መሰለኝ።

ረዳቱ ሰብስቦ ከጠፉ ሰዎች ክፍል አስገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ሰዎች በማንጠልጠያ ተደርድረው ተሰቅለዋል። አንዳንዶቹ ያንኮራፋሉ። በመጨረሻው ማንጠልጠያ ላይ፣ በካናቴራ ብቻ፣ አባቴ ነበር።

«አባባ!»

«ማነህ አንተ?»

«አራጋው ነኝ!»

«አራጋው ጠይም ነው» አለ ጠርጥሮኝ። ከዚያ ጆሮውን ቀስሮ፣ «ኧረ ድምፁስ እሱው ነው። ምን አነጣህ ልጄ? ታመህ ነበር?» አለ።

«ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ብርድ ነው እንጂ ሌላውስ ምንም አይል። ጃኬቴን ማን ወሰዳት?»

ምን ልበለው? ዙሪያውን ያሉት የተሰቀሉ ሰዎች ማንኮራፋታቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ቤት ናት አባባ። እየታጠበች ነው።»

ለሞተ ሰው ዋሸሁ። በሕልሜ ውስጥ ካደረግሁት ሁሉ ያሳፈረኝ ይኼ ነው፤ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ጃኬቴ እያለከለከ ገባ።

«ሰው ጥዬ ነበር» አለ።

ጠባቂው መዝገቡን ገለጠ። «ምን ዓይነት ሰው?»

«ነጣ ያለ። ገና አዲስ ነው።»

«የተለየ ምልክት አለው?»

«ውሸታም ነው።»

«እዚያ ጋ» አለ ጠባቂው፣ ሳያመነታ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ጃኬቱ ሊያወርደኝ ሲጠጋ አባቴ እጁን ዘርግቶ እጅጌውን ያዘው። አገላብጦ አየው፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ነው ያየሁት፤ የነጣው እጅጌ ቀኙ ነው። ጃኬቱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በእኔ ግራ በኩል ያለውን ስፈገፍግ ከርሜያለሁ።

«ይኼ ሰውዬ መሪ ይዞ አያውቅም» አለ አባቴ። «ተሳፋሪ ነው።»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠፍታብኝ ነው።»

«እኔንማ ምን ትለኛለህ፣ እኔ የምሄድበት የለኝ። ለእናትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»

ይህን ብሎ አንድ እግሩን ከማንጠልጠያው አወረደ። ሊሄድ ነው! ካናቴራውን ወደ ሱሪው ከተተና ሌላውን እግሩን አወረደ። ሳልቀደም ብዬ ተወርውሬ ወጣሁና ወደ ደሴ ሽቅብ ሮጥኩ። በወጣሁ ቁጥር ይሞቃል፤ ላቤ ይወርዳል። ዞር ስል አባቴ በዝግታ እየተራመደ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ከኋላዬ አሥር እርምጃ ላይ ነው ያለው። ጃኬቱ ደግሞ ከእሱ አጠገብ እየሄደ ስለ መንገዱ ያወራዋል። ጓደኛ ሆነዋል።

ግቢያችን ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ እሑድ ሆኗል። እንግዶቹ ወጥ ይወጠውጣሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፤ እኛ ቤተሰቦቹ ተቀምጠን እንድንበላ ይለምኑናል። አልቃሾቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። መምሬ ጥሩነህ እግሬ ሥር ተንበርክከው መስቀላቸውን በእጄ አስያዙኝ።

«ይፍቱኝ ልጄ፣ በድያለሁ።»

«ምን በደሉ አባቴ?»

«የአባትህን ጃኬት ተመኘሁ። ገና በሕይወት እያለ ነው የተመኘሁት። ማለዳ ኪዳን ስሄድ ይበርደኝ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታ» አልኩና በመስቀሉ ትከሻቸውን ነካሁ። እኔን ማን ይፍታኝ ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ከበሩ ደርሷል።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ቀድሜ ልነግራት ሮጬ ፊቷ ቆምኩ። እሷ አባቴን አላየችውም፣ ጃኬቱንም አላየችውም። እኔን ግን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። ጆሮዬን ገልብጣ ኋላውን አየች።

«ይኼ የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«አይደለም። ይኼ አዲስ ነው። ልጄን የት ጥላችሁት ነው ይኼን የተካችሁልኝ?»

«ሚኒባስ ውስጥ ረስተነው ነው» አለ ጃኬቱ፣ ኮፍያ እንዳወለቀ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አደገደገች። እንግዶቹ ሳፋውን አመጡ፣ በረኪናውን አመጡ። «እስከ እሑድ ይደርሳል!» አለ አንዱ። «እሑድማ ዛሬ ነው!» አለ ሌላው። እናቴ ማጅራቴን ይዛ ደፋችኝ፤ በሌላው እጇ ያንን ተረከዝ የሚፈገፈግበትን ድንጋይ አነሣች። «ልጄ እንደዚህ አልነበረም» እያለች ፊቴን ልትፈገፍግ ስትጀምር የጮህኩት ጩኸት ከሕልሙ ይዞኝ ወጣ።

«አራጋው! አራጋው! ምን ሆንክብኝ?»

ነግቷል፤ ዓርብ ነው። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። በላብ ተነክሬያለሁ። ጃኬቱም ተነክሯል፤ ክርኑ እንዲታጠፍ፣ ጀርባው እንዲለዝብ ብዬ ሦስት ሌሊት ሙሉ ለብሼው ነበር የተኛሁት። እናቴ ያንን ስታይ እጇ ቆመ።

«የአባትህን ጃኬት ለብሰህ ተኛህ?»

ሳትቸኩል፣ እንደ ሕፃን አንዱን እጄን ከዚያም ሌላውን አውጥታ አወለቀችኝ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አለቀልኝ አልኩ። እጅጌው አልተስተካከለም፣ ኮሌታው ላይ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት በግልጽ ይታያል፤ ዓይን ያለው ሰው አንድ ጊዜ ቢያየው ይበቃዋል። እሷ ግን አላየችውም። ፊቷን ደፍታ ቀበረችበት፤ ብዙ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ይኼን ሁሉ ታጥባ እንኳ ጠረኑ አልለቀቃትም» አለች። «እሱን እሱን ትላለች።»

«እማዬ...» አልኩ። ልነግራት ነበር፤ እውነቴን ነው።

«ተወኝ፣ አትናገረኝ። ለመምሬ አልሰጣትም። ቃሌንም አጥፋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ጃኬቱን አጥፋ ከሳጥኑ ታች፣ ከቀሚሶቿ ሥር ከተተችና ቆለፈችበት። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ተነሥና ገበያ ውረድ። ለመምሬ እንደዚህች ያለች ግዛላቸው። አደራህን፣ አዲስ ትሁን፤ ለአርባው አሮጌ ሰጡ ብሎ ሰው እንዳይስቅብን።»

«እሺ እማዬ» አልኩ። «ሱቁን አውቀዋለሁ።»